ገንዳው የበላው የድንበር ድንጋይ

ጡረታ የወጣሁት በገዛ ፈቃዴ ነው። ሐኪም አላዘዘኝም፣ አሠሪም አላሰናበተኝም። ዛሬ ሞላሌ ገበያ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ በሚቀርባት ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ምስማርና ማጠፊያ እሸጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ግድግዳ ሳፈርስ ኖሬ አሁን ለሚሠሩት ምስማር ማቀበሌ ሰዉን ያስቀዋል። "አጎናፍር ንስሐ ገባ" ይሉኛል። ይበሉ።

ሥራዬን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር ሰው ቤቱን ሲያስፋፋ መጀመሪያ አሮጌውን ጓዳ ያፈርሳል፣ ከዚያ በዚያው ላይ አንድ ክፍል ይቀጥላል። ከአንዲት የመንዝ ጓዳ የሚወጣውን ድንጋይ ያየ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ተራራ ተደብቆ ይኖር ነበር ይላል። ያ ሁሉ ፍርስራሽ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ለዚህ ነበር ገንዳው።

ገንዳ ስላችሁ የከተማውን ባለ ቀለም የቆሻሻ ገንዳ እንዳታስቡ። የኛ የአሮጌ ኤንትሬ መኪና የጭነት ሳጥን ነበር። ብየዳ ሠራተኛ ቆርጦ፣ ሁለት ጎማ አልብሶ፣ በትራክተር የሚጎተት አደረገው። ፍሬን የሚባል ነገር አያውቅም። ቁልቁለት ላይ ሲመጣ ውሻ እንኳ ሳይጮህ መንገድ ይለቅ ነበር። ባለቤቱ አሠሪያችን የሆነ ተቋራጭ ነው። ገንዳው ቤት ከሚያስፋፋው ሰው ደጅ ሦስት ቀን ይቆማል፣ ይሞላል፣ ይጎተታል። የሚሞላው እኔ ነኝ። ደመወዙን አታንሡብኝ፤ ስፈርምበት የነበረው ወረቀት ከገንዘቡ ይወፍር ነበር።

"ፍርስራሽ መሙላት ደግሞ ምን ሙያ አለው?" የሚል ይኖራል። እኔም ራቤል ላይ፣ በመጀመሪያው ቀኔ፣ እንደዚያ ብዬ ነበር።

ራቤል የሄድነው አንድ መምህር ቤታቸውን ሊያሰፉ ስለፈለጉ ነው። አሮጌው ጓዳ በጓሳ ሣር የተከደነ ነበር። ያ ሣር አንዴ ከከደኑት የልጅ ልጅ ያሳድጋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲጠጣ ደግሞ እንደ ከሰል ይጠቁራል። እኔ ድንጋዩን ከታች ጭኜ ሣሩን ከላይ ከመርኩት። ቀሎኝ ነው። ነፋስ መጣ። የራቤል ነፋስ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ቤት ለቤት ይዞራል። ጥላሸቱን አንሥቶ ለሰፈሩ አከፋፈለው። የዚያን ቀን ጧት ነጭ በግ ያሰማራ ሁሉ ማታ ጥቁር በግ አስገባ። አንዲት ሴትዮማ "እነዚህ የኔ አይደሉም" ብላ በጎቿን ለጎረቤት ልትመልስ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ያወራሁትም እኔ ነኝ።

የሠራተኞቹ አለቃ ጋሽ ንጋቱ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ደረቅ፣ ጆሮዎቻቸው ከሌላ ሰው ፊት የተዋሷቸው የሚመስሉ ሰው። አልተቆጡኝም። ገንዳውን ዞረው አዩና፣

"አውርደው" አሉኝ።

"የቱን ጋሼ?"

"ሁሉንም።"

አወረድኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ለሰው ሳወራ ግን ሁለት ቀን ነው የምለው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙና እንደገና አስጫኑኝ።

"ሣሩን ከታች። ርገጠው። ጠፍጣፋ ድንጋይ በላዩ። ክብ ክቡን ወደ ማዕዘን ግፋው። አሁን አፈር፣ ቀስ ብለህ፣ ክፍተቱን ይጠጣው። ክፍተት ከተውክ አየር ነው የምታግዘው፣ ገባህ?"

"እንጨቱስ?"

"እንጨት ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል? ቀጥ ያለውን ለአዲሱ ጣሪያ፣ ጎባጣውን ለማገዶ። የግድግዳው ጭቃ ገለባ አለበት፣ ድንች መሬት ላይ በትነው። የተጠረበውን ድንጋይ ለግንበኛው ስጥ። ለማንም የማይሆነው ነው እዚህ የሚገባው።"

እንዲህ ሲሠሩ ገንዳቸው ብዙ ጊዜ ግማሹ ባዶ ይሄዳል። ተቋራጩ የተሞላ ገንዳ ነበር የሚወደው፤ ጥርሱን ይነክስባቸው ነበር። እሳቸው ግን ጎዶሎ ገንዳ ሲጎተት የሚያዩት ልክ ሌላው ሰው የልጁን ሠርግ እንደሚያየው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራ ቦታ ሲደርሱ ዕቃ አያወርዱም። ቆመው ውሃ ይጠጡና የሚፈርሰውን ቤት ይዞሩታል፤ ግራ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እጃቸው አመድ የያዘ ከረጢት ውስጥ። መነካት የሌለበት ድንጋይ ላይ አመድ ይነሰንሳሉ። የደጃፍ መርገጫ፣ ባለቤቷ ቢላ የምትስልበት ድንጋይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። የድንበር ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አመድ አይበቃቸውም። ጎረቤትየውን ያስጠራሉ። የቤቱ ባለቤት ቀኝ እግሩን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፣ ጎረቤቱም ከወዲያ በኩል ያሳርፋል፤ ሁለቱ እግሮች አንድ ድንጋይ ላይ ሆነው ጋሽ ንጋቱ "ይኸው ነው?" ይላሉ። "ይኸው ነው" ሲባል ነው መዶሻ የሚነሣው። ጎረቤት ከሌለ ሥራ የለም።

"ጋሼ፣ ድንጋይ እኮ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንተ አለህለት" አሉኝ።

ከራቤል መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ሞላሌ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ዓይናቸው ሲደክም ወደ እርሻቸው ገቡ፤ አለቃ እኔ ሆንኩ። አመድ መያዙን ለጥቂት ጊዜ ቀጠልኩበት። ከዚያ አንዳንዴ መርሳት መጣ፤ ከዚያ አንዳንዴ ማስታወስ። በእሳቸው ፈንታ እኔ ወደ ሥራው ያመጣሁት ሣቅ ነው። ሠራተኛው እየሣቀ ይጭን ነበር፣ ገንዳውም ቶሎ ይሞላ ነበር፣ ተቋራጩም ይወደኝ ነበር። ሥራዬን የማውቅ መሰለኝ።

አሁን ወደ እትዬ ዘነቡ ልምጣ።

እትዬ ዘነቡ ሞላሌ ዳር፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳው በሚጀምርበት ላይ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ብርሃኔ፤ ሌላ ወረዳ አስተማሪ ናት። ብርሃኔ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና፣ እትዬ ዘነቡ አሮጌውን ጓዳ አፍርሰው ለአራሷ አንድ ክፍል ሊቀጥሉ ተነሡ። አሮጌው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱንም ከበጎቹ ጋር ይጋሩታል። "ልጄን በግ መሀል አላሳርሳትም" አሉኝ። ሁለት ወር ቀርቷታል።

ከጓዳው ጀርባ የአቶ ጌታነህ ይዞታ ነው። ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ጠባቸው አንዲት በግ ጎመን በልታ የጀመረ ነው፤ በጓ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፣ ጠቡ ግን ደኅና ነው። ገንዳውን ባቆምኩ ቀን አቶ ጌታነህ ለዓይናቸው ሕክምና ደብረ ብርሃን ሄደዋል ተባለ።

"በሳምንት ይመለሳል" አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ እህል እያበጠሩ።

"ድንበራችሁ የቱ ጋ ነው እትዬ?"

"ከግድግዳው ጀርባ ድንጋይ አለ። ስትዞር ታየዋለህ።"

አልዞርኩም። እዚህ ላይ ልዋሽ ብል ብዙ መንገድ አለኝ፤ ግን አልዞርኩም። ከግድግዳው ጀርባ ሳማ በቅሏል፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት። በዚያን ሰሞን ለሰው ስናገር እስከ አንገት ነው ያልኩት። ገንዳው ሐሙስ ሌላ ቤት ይፈለጋል፣ ሳምንት አይጠብቅም። ሳማ ውስጥ ገብቼ ድንጋይ ልፈልግ? ሠራተኞቹን አሰለፍኩ፣ ገመድ አሰርን፣ ከውስጥ በዲጂኖ ገፋነው። ግድግዳው ወደ ውጭ፣ ሳማው ላይ ተዘረገፈ። አቧራው ሲረግፍ እዚያ ያለው ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ሁሉም አንድ መልክ ነው።

ያንን ገንዳ እንደጫንኩት የጫንኩት የለም። ሣር ከታች፣ ጠፍጣፋው በላዩ፣ ክቡ በማዕዘን፣ አፈሩ ክፍተቱን ጠጥቶ፤ ጠርዙ ድረስ ልክ። ቦታውንም ለመሠረት አስተካክዬ ደለደልኩ፣ ጥግ ላይ ጎርበጥ ያለች ጠጠር አልቀረችም። ትራክተሩ ጎትቶ ከመንገዱ በታች ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ውስጥ ገለበጠው። ሐሙስ ሌላ ቤት ነበርን።

ግንበኞቹ ገቡ፤ እትዬ ዘነቡ ትርፍ መሬት አለኝ ስላሉ አዲሱን ግድግዳ ከአሮጌው አንድ ክንድ ወደ ውጭ አወጡት። ግድግዳው ደረት ሲደርስ፣ እኔም ሥራውን ለማየት ብቅ ባልኩበት ቀን፣ አቶ ጌታነህ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ተመለሱ። በቀረችውም ብትሆን ከመንገድ ላይ ነው ያዩት።

"ዘነቡ!" አሉ። ለዓመታት ያላወጡትን ስም በአንድ ጊዜ አወጡት። "ድንጋዬን የት አደረስሽው?"

"የምን ድንጋይ? የእኔም ድንጋይ ነው!"

"ግድግዳሽ አንድ ክንድ መሬቴ ውስጥ ነው የቆመው! ዓይኔን ሊያሳክሙኝ ሲወስዱኝ ጠብቀሽ!"

"እንዴት ያለ ነገር ነው! ድንጋዩ ከግድግዳዬ ወዲያ ነበር፣ ክንድ ሙሉ ትርፍ ነበረኝ! አጎናፍር ይመስክር፣ እሱ ነው ያነሣው!"

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። የመሬት ደብተሩ ወጣ፤ ደብተሩ በምሥራቅ የሚያዋስነው ጌታነህ ነው ብሎ ስም ይጠራል እንጂ ክንድ አይቆጥርም። ቀበሌው ግንባታው እንዲቆም አዘዘ፣ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ተመራ። ግድግዳው ደረት ላይ ቆሞ ቀረ። የብርሃኔ ቀን ግን አይቆምም።

እኔ ገደል ወረድኩ። ድንጋዩን ካገኘሁ ነገሩ ይበርዳል ብዬ ነው። የመንዝ ድንጋይ መሀል አንድ ድንጋይ መፈለግ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ሁለት ቀን ቆፍሬ ሰባት ተጠርጣሪ አወጣሁ። በባሬላ አሸክሜ ከሁለቱ ፊት ደረደርኳቸው። አቶ ጌታነህ ሦስተኛውን "ይሄ ነው" አሉ፣ እትዬ ዘነቡ አምስተኛውን። ተቀያይረውም አዩአቸው፤ አልተስማሙም። ቢስማሙስ? ድንጋዩ ምንም ቢሆን የነበረበትን ቦታ ይዞ አልመጣም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አፌ ሥራ ላይ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ አላየሁትም ማለት አቃተኝ። የሃያ ዓመት አፍራሽ ድንበር ሳያይ አፈረሰ ይባላል። ስለዚህ ወፍጮ ቤት፣ "አየሁት እንጂ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይርቅ ነበር" አልኩ። ጠላ ቤት ደግሞ ሰው ሰብሰብ ስላለ ሁለት ክንድ ሆነ፣ ድንጋዩም ጥጃ አከለ። ገበያ ላይ ለአቶ ጌታነህ አማች ስነግረው ልቡ እንዳይከፋ ብዬ ግድግዳው ሥር ሸጎጥኩት። ባወራሁ ቁጥር ድንጋዩ ይራመድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ስነግር ደግሞ፣ እመብርሃንን፣ ድንጋዩ በዓይኔ ይታየኝ ነበር።

የሽማግሌዎቹ ቀን ሳምንት አልፎት ሲቀረው እትዬ ዘነቡ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። የገንዳው ጥላ ሥር ቆሙ።

"አጎናፍር፣ ሐሰት ተናገርልኝ አልልህም።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ያየኸውን ብቻ ተናገር። ልጄ የዛሬ ሳምንት ትመጣለች። አሥራ አምስት ቀን ቢቀራት ነው። ያየኸውን ተናገርና ግድግዳዬን ልጨርስ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ምን ያህል ቀላል ቃል ናት።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጥዱ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አባ ኪሮስ ናቸው፤ የሁለቱም የነፍስ አባት፣ የኔም ጭምር። አቶ ጌታነህ በአንድ ወገን፣ እትዬ ዘነቡ በሌላ። ብርሃኔም ደርሳ ከእናቷ ኋላ ጉቶ ላይ ተቀምጣለች። ረጅም ናት፤ ተቀምጣ እንኳ እናቷን ታክላለች።

"አጎናፍር" አሉ አባ ኪሮስ፣ "ድንጋዩ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቅ ነበር?"

አፌን ከፈትኩ። ከመናገሬ በፊት ቀጠሉ።

"ከመመለስህ በፊት። ወፍጮ ቤት አንድ ክንድ ብለሃል። ጠላ ቤት ሁለት። ገበያ ላይ ግድግዳው ሥር ነበር ብለሃል። ሦስቱንም የሰሙ ሰዎች እዚህ አሉ። የትኛውን ልመን? መስቀሌን ይዘህ የምትነግረኝን እሱን አምናለሁ።"

ሰዉ ሣቀ። እኔን ያዩ ሰዎች እንደሚሥቁት ነው የሣቁት፣ በደግነት። አንዱ ከኋላ "አራት ክንድ በል!" ብሎ ጮኸ። አባ ኪሮስ መስቀሉን ዘረጉልኝ። አንድ ክንድ ብል እትዬ ዘነቡ ክፍላቸውን ይጨርሳሉ፤ ማንም እውነቱን አያውቅም፣ እኔም ጭምር።

"አላውቅም አባቴ" አልኩ።

"ረሳኸው?"

"አላየሁትም። ሳማ ነበር፣ አልዞርኩም። ሳማውም እስከ ጉልበት ነበር እንጂ እስከ አንገት አይደለም። ግድግዳውን ድንጋዩ ላይ ጣልኩት፣ አንድ ላይ ጫንኩት፣ ጉድጓዱንም ደፈንኩት። ለናንተ ያወራሁት ሁሉ የፈጠራ ነው።"

ማንም አልሣቀም። በሕይወቴ ተናግሬ ሰው ያልሣቀበት ያ ቀን ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አቶ ጌታነህ በአንድ ዓይናቸው አዩኝና ወደ እትዬ ዘነቡ ዞሩ።

"አንቺ አላዘዝሽውም?"

"ምን ብዬ ነው የማዝዘው? ስትዞር ታየዋለህ ነው ያልኩት!"

"እኔ እኮ ሆን ብለሽ ያስነቀልሽ መስሎኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ አጋጣሚውን አይቶ መሬቴን ሊበላ ነው ብዬ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ሲመለሱ አባ ኪሮስ ፍርዱን ተናገሩ። ሁለቱም ያመኑትን ነው የተናገሩት፣ ውሸታም በመካከላቸው የለም፤ ካለም እዚያ ቆሟል ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ድንጋዩ የት እንደነበረ የሚያውቅ ስለጠፋ የሚያከራክረው ክንድ ለሁለት ይከፈል፤ ግድግዳው አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ይግባ። ያፈረሰው ያፍርስ፣ ያፈረሰው ያግዝ።

"ስንዝር ናት እንግዲህ" አሉ አቶ ጌታነህ፣ ያልበደሉ ሰው ድምፅ ይዘው።

ደረት የደረሰውን ግድግዳ በእጄ አፈረስኩት። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር፤ ድንጋዩ ከጭቃው ሲላቀቅ ድምፅ ያሰማል። አንዱንም ድንጋይ ገንዳ ውስጥ አልጣልኩም፣ ሁሉንም ለግንበኞቹ መልሼ አቀበልኩ። አዲስ የድንበር ድንጋይ ተተከለ፤ እትዬ ዘነቡና አቶ ጌታነህ ከወዲያና ከወዲህ እግራቸውን አሳረፉበት። አልተያዩም፣ እግራቸውን ነው ያዩት። ጣሪያው የተመታው ብርሃኔ ምጥ በያዛት ዋዜማ ነው። ወንድ ልጅ ተገላገለች።

በአራስ ጥየቃ ሄድኩ፣ ሦስት ኪሎ ምስር ይዤ። ክፍሉ ደርቋል፣ ይሞቃል፣ በጎቹ በሌላ ወገን ናቸው። አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው የገባው፤ በሌላ በኩል ቢዞር በሩን ይዘጋል። ብርሃኔ ሕፃኑን ታቅፋ ተኝታለች፣ ጉልበቶቿ ወደ ላይ ተሰብስበዋል።

"እግርሽን ዘርጊ እንጂ፣ አርፈሽ ተኚ" አልኳት።

"አልዘረጋም ጋሼ። አይበቃኝም" አለችኝ፣ ያለ ምንም ቅሬታ፣ ሰዓት ስንት ነው ብያት እንደሆነ ሁሉ።

እትዬ ዘነቡ ገንፎውን አቀረቡልኝ። "ብላ እንጂ" አሉ። አራስ ቤት ሰው የሚያሥቅ ነገር ይጠበቅብኝ ነበር፣ የመጡት ሴቶችም ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ገንፎዬን በላሁ። ስወጣ ዞሬ ግድግዳውን አየሁት። ቀጥ ያለ ነው፣ ማዕዘኑ ልክ ነው፣ አንድም የላላ ድንጋይ የለበትም። አንድ ስንዝር ወዲያ ቢቆም ኖሮ ምንም አይወጣለትም ነበር።